እሳት ሳይኖር የእሳት አደጋ መኪና ለምን መጣ? ለጎንደርስ የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። አባቴ ካሊፎርኒያ እህቴ ዘንድ ሄደው ሳለ ቤት ውስጥ ተዝለፍልፈው ወደቁ። እህቴ 911 ደወለች። መጀመሪያ የደረሰው አራት ሰው የጫነ ትልቅ ቀይ የእሳት አደጋ መኪና ነው። ትንሽ ቆይቶ የግል ድርጅት አምቡላንስ መጥቶ ወሰዳቸው። አሁን ደህና ናቸው። ግን ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ሂሳብ መጣ፣ ኢንሹራንስ ደግሞ አልነበራቸውም። እሳት ሳይኖር ያን ሁሉ ሰው ምን አመጣው? አንድ መኪና አይበቃም ነበር? እዚህ ጎንደርስ የእሳት አደጋ መኪና አብዛኛውን ቀን ቆሞ ነው የሚውለው፤ አምቡላንሱንም ለነሱ ቢሰጧቸው አይሻልም? ወይስ የግል አምቡላንስ ቢገባልን ይገላግለን ነበር?»

ምላሽ፦ ያ ቀይ መኪና ተሳስቶ አልመጣም፣ ሥራ ፈትቶም አልመጣም። የተላከው ለአባትሽ ነው። አሜሪካ ውስጥ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ከሚወጡባቸው ጥሪዎች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት የሕክምና ናቸው። እውነተኛ እሳት ከ5 በመቶ በታች ነው። ስሙ እሳት አደጋ ይባል እንጂ የቀን ሥራቸው የወደቀ ሽማግሌ፣ የተጋጨ መኪና፣ ደረቱን የያዘ ሰው ነው።

ለምን እነሱ? ቅርብ ስለሆኑ። የእሳት አደጋ ጣቢያ የሚተከለው እሳት ሳይዛመት ለመድረስ ተብሎ በየሰፈሩ በርቀት ተለክቶ ነው። ሌሊትም በዓልም ተረኛ አለ። የሕንፃ ሕጉ ጠብቆ፣ ጭስ ጠቋሚው በየቤቱ ገብቶ እሳት እየቀነሰ ሲመጣ፣ ጣቢያውና ሰዉ ግን ባለበት ቀረ። ስለዚህ አሠልጥነው ለሕክምና ጥሪም አዋሉት። የአገሪቱ የእሳት መከላከል ማህበር ለከተሞች ያወጣው መስፈርት የመጀመሪያው ረዳት በ4 ደቂቃ ጉዞ፣ ከፍ ያለ ሕክምና የሚሰጠው ቡድን ደግሞ በ8 ደቂቃ ጉዞ እንዲደርስ ነው። ሁሉም ከተማ ያሳካዋል ማለት አይደለም።

አራት ደቂቃ እንዲሁ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። ልብ ቀጥ ሲል አንጎል ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። ደረት ሳይጫን፣ ልብም በኤሌክትሪክ ሳይመታ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። እንግዲህ አስቢው። አምስት ደቂቃ ቀድሞ የደረሰ፣ የሠለጠነና ቦርሳ የያዘ ሰው፣ ዘግይቶ ከሚመጣ ምርጥ አምቡላንስ ይበልጣል።

አንድ መኪና አይበቃም ወይ ላልሽው፣ አራቱ ሰዎች ልቡ የቆመ ሰው ቤት ሲገቡ ምን እንደሚያደርጉ ልንገርሽ። አንዱ ተንበርክኮ ደረት ይጫናል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች። ይሄ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ ግን ጎረምሳው ራሱ ክንዱ ይዝላል፣ ስለዚህ ይቀያየራሉ። ሁለተኛው በራስጌ ሆኖ አገጭ ቀና አድርጎ በከረጢት ትንፋሽ ይሰጣል። ሦስተኛው ልብ የሚያስነሳውን መሣሪያ ደረት ላይ ይለጥፋል። አራተኛው ሶፋውን ገፍቶ ቦታ ያሰፋል፣ «ምን መድኃኒት ይወስዱ ነበር?» ብሎ ቤተሰቡን ይጠይቃል፣ አምቡላንሱ ቤቱን እንዳይስት ደጅ ወጥቶ እጁን ያውለበልባል። አምቡላንሱ ላይ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሲነዳ ከኋላ የሚቀረው አንድ ብቻ ነው። በአንድ ሰው ደረት ተጭኖ፣ ትንፋሽ ሰጥቶ፣ መድኃኒት ወግቶ አይሆንም።

አባትሽ ልባቸው አልቆመም፣ ተመስገን ነው። ስልክ ላይ ያለችው ጥሪ ተቀባይ ግን ያንን አታውቅም። «አባቴ ወደቁ፣ አይመልሱልኝም» የሚል ጩኸት ስትሰማ የባሰውን ገምታ ነው የምትልከው። እኔም እሷን ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው። እርግጥ ለእያንዳንዱ ቁርጥማት ከባድ መኪና በሳይረን ማስነሳት ብክነት ነው፣ አደጋም አለው። ለዚህ ሲባል ብዙ ከተሞች በስልክ በተዘጋጁ ጥያቄዎች ጥሪውን ለይተው፣ ለቀላሉ አምቡላንስ ብቻ፣ ለከባዱ ሁለቱንም ይልካሉ።

አምቡላንሱስ ለምን የግል ሆነ? እዚህ ላይ ሰው ሁሉ «የአሜሪካ ሥርዓት» ይላል። እንደዚያ የሚባል አንድ ሥርዓት የለም። የሚወስነው ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ወይ ከተማው ነው። ኒው ዮርክ በ1996 የከተማውን አምቡላንስ ከእሳት አደጋው ጋር አዋህዳለች፣ የሆስፒታሎች አምቡላንሶችም አብረው ይሠራሉ። ቦስተን አምቡላንሷ የከተማዋ የጤና ተቋም ነው፣ ከእሳት አደጋው የተለየ። በካሊፎርኒያ ብዙ ቦታ ደግሞ ቀድሞ የሚደርሰው እሳት አደጋው፣ የሚያጓጉዘው የግል ድርጅት ነው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እየጠራሁ መሆኑን ልብ በይልኝ።

መነሻው እንዲህ ነው። እስከ 1960ዎቹ ድረስ እዚያ አገር ግማሽ ያህሉ አምቡላንስ የቀብር አስፈጻሚዎች ንብረት ነበር። ሰው ተጋድሞ የሚገባበት ረጅም መኪና የነበራቸው እነሱ ናቸዋ! ታማሚ ተጭኖ ይሄዳል እንጂ መንገድ ላይ የሚታከም የለም። በ1966 የብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚው ሪፖርት በመንገድ አደጋ የሚሞተው ሰው ስንቱ ሊተርፍ ይችል እንደነበር አፍረጥርጦ ጻፈ። በ1967 ፒትስበርግ ውስጥ ፍሪደም ሃውስ የተባለ አገልግሎት ሥራ አጥ ጥቁር ወጣቶችን አሠልጥኖ፣ በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ ፓራሜዲኮች፣ ማለትም ታማሚን ቦታው ላይና መንገድ ላይ ከሚያክሙ ባለሙያዎች፣ መካከል አደረጋቸው። በ1970 ሲያትል የእሳት አደጋ ሠራተኞቿን ከሃርበርቪው ሆስፒታል ሐኪሞች ጋር አጣምራ መድኃኒትና የልብ መሣሪያ አስይዛ አሰማራች። ቀብር አስፈጻሚዎቹ ሲወጡ ክፍተቱን ባንዱ ቦታ እሳት አደጋው፣ ባንዱ ቦታ ነጋዴው ሞላው። ማንም ቁጭ ብሎ በእቅድ ያወጣው ነገር አይደለም፣ እየተጣበቀ የመጣ ነው።

ገንዘቡን ካልተረዳሽ ግን ሌላው ሁሉ አይገባሽም። የእሳት አደጋ መኪናው ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ከግብር ነው። ስለዚህ መድረሱ ብቻውን ብዙ ቦታ ሂሳብ የለውም፤ አንዳንድ ከተማ ግን ለዚህም ያስከፍላል። አምቡላንሱ የሚከፈለው በዋናነት ሲያጓጉዝ ነው። የአረጋውያኑ የመንግሥት መድህን፣ ሜዲኬር፣ ቤት ድረስ መጥቶ አክሞ ለተመለሰ አምቡላንስ በመደበኛው አሠራር አይከፍልም። ሆስፒታል ከወሰደ ግን ይከፍላል። ሂሳቡም መነሻ ክፍያ ሲደመር በማይል ነው። ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ድርጅቱ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንም ሳይደውል መኪናና ሰው አሰናድቶ ይቀመጣል፤ ያ ወጪ የሚወጣው ከተጓጓዙት ሰዎች ኪስና ኢንሹራንስ ነው። ይኸው፣ ለአጭር መንገድ ሁለት ሺህ ዶላር የሚመጣው ከዚህ ነው።

«የግል» ሲባል እንደ ታክሲ የተሽቀዳደመ የሚወስድሽ እንዳይመስልሽ። ካውንቲው በጨረታ አወዳድሮ ላንድ ድርጅት ክልሉን ለብቻው ይሰጠዋል። በምላሹ ግዴታ አለ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከ100 ጥሪ 90ውን ከ9 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መድረስ ነው። ካልሆነ ቅጣት ይከፍላል። ድሃና ሀብታም መምረጥም አይችልም።

ይሄ ጋብቻ ጠብ የለውም ማለት አይደለም። አምቡላንሶቹ ሆስፒታል በር ላይ አልጋ ጠፍቶ ታማሚ ሳያስረክቡ ይቆማሉ፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ሰፈር የደረሰው የእሳት አደጋ ቡድን ታማሚ ይዞ «የት ደረሳችሁ?» እያለ በሬዲዮ ይጮኻል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ማህበራት የማጓጓዙ ገቢ ወደነሱ እንዲመጣ ይታገላሉ፣ ድርጅቶቹ ደግሞ ገቢው አልበቃንም ብለው ድጎማ ይጠይቃሉ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮንትራ ኮስታ ካውንቲ ከ2016 ጀምሮ መሃሉን መርጧል። ውሉን የያዘው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ነው፤ የግል ድርጅቱን በንዑስ ተቋራጭነት አስገብቶ ያሠራዋል። ስለዚህ ስምሪቱ አንድ ሆነ። እኔ ከሁሉም ልብ ብዬ የማየው ይሄኛውን ነው።

ወደ ጎንደር እንምጣ።

«ቆሞ ነው የሚውለው» ያልሽው አልተዋጠልኝም። የእሳት አደጋ መኪና ቆሞ መዋሉ ሥራው ነው። አምቡላንሱንም ደርበሽ ስትሰጪው፣ ሠራተኞቹ ታማሚ ይዘው ሆስፒታል ተራ ሲጠብቁ ቅዳሜ ገበያ ሱቅ ቢነሳ ማን ይሄዳል? አሜሪካኖቹ ሁለቱን ሥራ የደረቡት ከሞላቸው ላይ ነው፤ እኛ ሰውም መኪናም ሳይኖረን ብንደርበው ሁለቱንም እናጣለን። ስለዚህ ለዚህኛው ጥያቄሽ መልሴ አይሆንም ነው። አምቡላንስ አትስጧቸው።

ሥልጠናና ቦርሳ ግን ስጧቸው። ይሄ ሌላ ነገር ነው። ደም ማቆሚያ፣ የትንፋሽ ከረጢት፣ ጓንት፣ አንገት ማሰሪያ፣ ከተቻለም የልብ መሣሪያ። ደረት መጫን፣ ደም ማቆምና ሰው ሳያጣምሙ ማንሳት የሚያስተምር ሥልጠና የቀናት ጉዳይ ነው፤ ዓመታት አይፈጅም። ጣቢያው አጠገብ ላለ ሰፈር ከሆስፒታል ከሚነሳ አምቡላንስ ይቀድማሉ። የትራፊክ ፖሊሶችም እንዲሁ፤ አዘዞ መንገድ ላይ ግጭት ሲኖር ቀድሞ የሚደርሰው ማን ሆነና? አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ። አሠልጥኖ ቦርሳውን አለመሙላት የባሰ ነው። ጓንትና ፋሻ ሲያልቅ ማን እንደሚተካ፣ ሥልጠናው በየስንት ጊዜ እንደሚታደስ፣ የትኛው ሐኪም እንደሚመራቸው ካልተጻፈ ሰርተፍኬቱ ግድግዳ ላይ ይቀራል።

የማጓጓዙ ሥራ አሁን ባለበት፣ በቀይ መስቀልና በጤና ተቋማቱ እጅ ይቆይ። ችግራቸው የታወቀ ነው። በየወረዳው የተከፋፈሉት አምቡላንሶች መጀመሪያ የታሰቡት ለወላድ እናቶች ነው፣ ያ ደግሞ ትክክል ነበር። ግን ብዙ ጊዜ ሃርድቶፕ፣ ሾፌርና ቃሬዛ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ከኋላ የሚንከባከብ ባለሙያ የለም። ነዳጅና ጎማም ያቆማቸዋል። አዲስ መኪና ከመግዛት በፊት ባለው መኪና ላይ የሠለጠነ ሰው ማስቀመጥ ይቀድማል። ይሄን የምለው ሪባን መቁረጥ የሚወዱ ሰዎችን ለማስቀየም አይደለም፤ ትንሽ ግን እሱም አለበት።

የግል አምቡላንስ ይገላግለናል ወይ? ብቻውን አይገላግለንም። አዲስ አበባ ላይ ጠብታ አምቡላንስ አለ። መሥራቹ ክብረት አበበ የሰመመን ባለሙያ ነበር፣ ቤቱን ሸጦ ነው የጀመረው፣ ቁጥሩ 8035 ነው። ሥራው ያስመሰግናል። ግን በጥሪ ክፍያ ብቻ አልቆመም፤ ሥልጠና ይሰጣል፣ ከድርጅቶች ጋር ውል ይይዛል። ጎንደር ላይ አንድ ባለሀብት ሦስት መኪና ይዞ ቢገባ ገንዘቡ የት እንዳለ ወዲያው ያውቀዋል፦ ሪፈር የተጻፈለትን 180 ኪሎ ሜትር ባሕር ዳር፣ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ አዲስ አበባ ማድረስ፣ ቱሪስት ማንሳት፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው መቀበል። ሌሊት ቸቸላ ውስጥ የወደቀችን እናት ሊያነሳ የሚመጣው ከተማው ውል አስሮ ከከፈለው ብቻ ነው። ስለዚህ ይግባ፣ ግን በውል ይግባ። ለሪፈር ጉዞ ይሠማራ፣ ያ ደግሞ የመንግሥቱን አምቡላንሶች ከረጅም መንገድ ነፃ ያወጣልናል። ዋጋው አስቀድሞ ይለጠፍ። ቀይ መስቀሉ መኪና ሲያልቅበት በከተማው ሂሳብ ይጠራ። መንገድ ላይ ገንዘብ ካልያዛችሁ ብሎ ሰው ጥሎ እንዳይሄድ ውሉ ላይ በግልጽ ይስፈር።

ከሁሉም በፊት ግን ስልኩ። ለቀይ መስቀል 907፣ ለፖሊስ 991፣ እሳት ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው 939 ደግሞ የአዲስ አበባው ነው፣ ለሆስፒታሉ ሌላ፣ ለጤና ጣቢያው የሾፌሩ የግል ሞባይል። ሰው ሲወድቅ ማን ያስታውሳል? ሁሉም ባንድ ክፍል፣ ባንድ ቁጥር የሚመጣ ስምሪት ያስፈልገናል። እዚያ የሚቀመጠው ሰውም ጎንደርን የሚያውቅ ይሁን። እኛ ጋ የቤት ቁጥር ብለሽ አትሰጪም። «ሎዛ ማርያምን አልፈህ፣ ቁልቁለቱን ስትወርድ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ» ነው የምትይው። ጥሪ ተቀባዩ ይህን ወደ መንገድ መተርጎም፣ መኪና የማያስገባ ኮብልስቶን መሆኑን አውቆ «ሁለት ጎረምሳ ቃሬዛ ይዞ መንገድ ዳር ይጠብቅ» ማለት፣ አምቡላንሱ እስኪደርስ ደግሞ ደረት አጫጫኑን በስልክ ማስቆጠር አለበት። ይህ አንድ ክፍልና ጥቂት ተረኞች ነው። ከአንድ አዲስ የእሳት አደጋ መኪና ይረክሳል፣ ውጤቱ ግን ይበልጣል።

ለምን አንድ ስምሪት እንደምል ከፈለግሽ ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. አስታውሺ። ፋሲለደስ መዋኛ ጥምቀት ላይ የእንጨቱ መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞተ፣ ከ100 በላይ ተጎዳ። እንዲህ ባለ ቀን እሳት አደጋውም፣ ቀይ መስቀሉም፣ የግሉም ብቻውን አይችልም። የታፈነውን ከእንጨት ስር የሚያወጣ ሌላ፣ ማን ይቅደም ብሎ የሚለይ ሌላ፣ የሚያጓጉዝ ሌላ ነው። ማን እንደሚያዝ ቀድሞ ካልተወሰነ፣ መራመድ የሚችለው በመጀመሪያው መኪና ሄዶ፣ የማይንቀሳቀሰው ይቀራል።

እስከዚያው ቤት ውስጥ የሚደረገውን ልጨምር። ሰው ወድቆ የማይመልስ፣ በደንብ የማይተነፍስ ከሆነ ውሃ አትርጩበት፣ ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት። 907 ይደወል፣ ስልኩ ስፒከር ላይ ይሁን፣ ደረቱ መሃል ላይ ወዲያው መጫን ይጀመር። ደም የሚፈስ ከሆነ በንጹህ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ መያዝ ነው፤ ቡና አይነሰነስበትም። ፊቱ ከተጣመመ፣ እጁ ከዛለ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ ስትሮክ ይጠርጠር፣ የጀመረበት ሰዓት ይጻፍ፤ ለአንዳንዱ ሕክምና የሚሰጠው ጊዜ አራት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። አምቡላንስ የለም ከተባለ ባጃጅም ቢሆን ይዞ መሄድ ይሻላል። ከከፍታ ላይ የወደቀ ወይም መኪና የገጨው ግን ባጃጅ ውስጥ ታጥፎ አይገባም፤ አከርካሪው ተጎድቶ ከሆነ ጨርሶ ሽባ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ለእሱ ፒክአፕና ጠፍጣፋ ሳንቃ ፈልጉ፣ አንገቱን አንድ ሰው ይያዝለት።

የሂሳቡን ነገር ለእህትሽ ንገሪያት፣ ቶሎ አትክፈል። በ2022 ሥራ ላይ የዋለው ድንገተኛ ሂሳብ የሚከለክለው የፌደራል ሕግ የመሬት አምቡላንስን አይጨምርም፤ ስለዚህ ያንን ይዛ ብትከራከር አያዋጣትም። ካሊፎርኒያ ግን ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የራሷ ሕግ አላት፣ ቁጥሩ ኤቢ 716 ነው። ኢንሹራንስ የሌለውን ሰው ከሜዲኬር ወይም ከሜዲካል (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች ከተዘጋጀው የካሊፎርኒያ የመንግሥት መድህን) ተመን፣ ከሁለቱ ከበለጠው፣ በላይ ማስከፈል አይቻልም። አባትሽ የወደቁት ከዚያ ወዲህ ከሆነ፣ ዝርዝሩን የያዘ ሂሳብ በጽሑፍ ትጠይቅ፣ ሕጉን ጠቅሳ እንዲስተካከል ትጻፍ፣ የቀረውን በየወሩ ከፍላ ለመጨረስ ትዋዋል። የጉዞ ኢንሹራንስ ገዝተው ሄደው እንደነበርም አባትሽን ጠይቂያቸው፤ ሰው ለቪዛ ብሎ ገዝቶ ይረሳዋል።